አፍ ያላቸው ግድግዳዎች፤ የሰሜን አየርላንድ የመንገድ ሥዕሎችና ያላለቀው የመታሰቢያ ክርክር

«ግድግዳ ጆሮ አለው» ይላል የአገራችን ሰው፣ ነገር ሲፈራ። በሰሜን አየርላንድ ግን ግድግዳ ያለው ጆሮ ሳይሆን አፍ ነው። ሰፈሩ የማን እንደሆነ፣ እዚህ ማን እንደሞተና ማን ቢመጣ እንደማይወደድ በመኖሪያ ቤቶች የጎን ግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፎ ይነበባል። ቤልፋስትና ደሪ በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ካየሁት ሁሉ ይበልጥ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሥዕሎቹ እንዴት እንደተጀመሩ፣ ምን እንደሚሉና ማን እንደሚፈቅዳቸው፣ ከጎናቸው የቆሙት መታሰቢያዎችም ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያከራክሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የሥነ ጥበብ ወሬ ብቻ አይደለም። እርስ በርሱ የተጋደለ ሕዝብ ሙታኑን በአደባባይ እንዴት ማስታወስ ይችላል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ወገን፣ አራት ስም

አየርላንድ በ1921 ለሁለት ስትከፈል በስተሰሜን ያሉት ስድስት አውራጃዎች በብሪታንያ ሥር ቀሩ። በእነዚህ አውራጃዎች አብዛኛው ነዋሪ ፕሮቴስታንት ሲሆን ከብሪታንያ ጋር ያለው አንድነት እንዲጸና ይፈልግ ነበር፤ «ዩኒየኒስት» የሚባለው ይህ ወገን ነው። አናሳው ካቶሊክ ደግሞ ከተቀረው አየርላንድ ጋር መዋሃድን የሚሻ «ናሽናሊስት» ነበር። ከየወገኑ ጠንከር ያሉትና በሠራተኛው ሰፈር ሥር የሰደዱት በቅደም ተከተል «ሎያሊስት» እና «ሪፐብሊካን» ይባላሉ። የግድግዳ ሥዕል በአብዛኛው የእነዚህ የኋለኞቹ ሥራ ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 የዘለቀው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል። የሕዝቡ ቁጥር ዛሬ እንኳ ሁለት ሚሊዮን እንደማይሞላ ላሰበ ሰው አኃዙ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። ሚያዝያ 10 ቀን 1998 የተፈረመው የ«ዕለተ ስቅለት» ስምምነት ጦርነቱን አስቁሟል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከካቶሊክ ቤተሰብ የተገኙት 45.7 በመቶ፣ ከፕሮቴስታንት የተገኙት ደግሞ 43.5 በመቶ ሆነው ተመዝግበዋል። አገሪቱ ስትመሠረት ብዙኃን የነበረው ወገን ዛሬ ብዙኃን አይደለም ማለት ነው። የሰፈሮቹ ድንበር ግን አሁንም አለ። የሰፈር ጠርዝ ድንጋዮች በአንዱ መንገድ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ተቀብተው፣ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ማዶ አረንጓዴ፣ ነጭና ብርቱካናማ ሆነው ይገኛሉ።

ንጉሡ በፈረስ

የመጀመሪያው የፖለቲካ የግድግዳ ሥዕል የተሣለው በ1908 በምሥራቅ ቤልፋስት በቢርስብሪጅ ጎዳና ላይ ነው። ሠዓሊው የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የተሣለው ደግሞ በ1690 በቦይን ወንዝ ጦርነት ካቶሊኩን ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስን ያሸነፈው ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ሣልሳዊ ዊልያም ነው። ሎያሊስቶች ይህን ድል በየዓመቱ ሐምሌ 12 ቀን በሰልፍና በከበሮ ያከብራሉ። ሥዕሎቹም ከበዓሉ በፊት ይታደሱ ነበር። በእኛ አገር ቤት ለበዓል እንደሚለቀለቀው፣ ግድግዳ ማደስ የበዓሉ ዝግጅት አካል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከ1921 እስከ 1972 የአካባቢው መንግሥት በዩኒየኒስቶች እጅ ስለነበር አደባባዩም የእነርሱ ነበር። በ1954 የወጣው የባንዲራና የዓርማ ሕግ የብሪታንያን ባንዲራ የሚያውክን ሰው ይቀጣ ነበር፤ በአንጻሩ ፖሊስ «ጸጥታ ያደፈርሳል» ያለውን ሌላ ባንዲራ እንዲያነሳ ሥልጣን ይሰጠው ነበር። በተግባር የታሰበው የአየርላንድ ባለሦስት ቀለም ባንዲራ ነው። ስለዚህ ከስልሳ ዓመት በላይ የግድግዳ ሥዕል የአንድ ወገን ልማድ ሆኖ የቆየው ሌላው ወገን ቀለምና ብሩሽ አጥቶ አይደለም። የራሱ አደባባይ ስላልነበረው ነው።

በጥር 1969 በደሪ ከተማ በካቶሊኮቹ የቦግሳይድ ሰፈር አንድ ቤት የጎን ግድግዳ ላይ «አሁን ወደ ነጻይቱ ደሪ እየገባችሁ ነው» የሚል ጽሑፍ ተጻፈ። ሥዕል አልነበረም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ቤቶቹ ኋላ ፈርሰዋል። ያቺ ግድግዳ ግን ብቻዋን በመንገድ መሐል እንድትቆም ተደረገ፤ ዛሬም ቆማለች። የከተማይቱ ስም ራሱ የሚያጣላ መሆኑን አንባቢ ይወቀው። ናሽናሊስቱ «ደሪ» ሲል ዩኒየኒስቱ «ሎንደንደሪ» ይላል። እኔ አጭሩን የተጠቀምኩት ለማጠር ስል ነው፤ እዚያ ግን እንዲህ ያለ ሰበብ የሚቀበል ሰው ጥቂት ነው።

የሪፐብሊካኖቹ ሥዕል በእርግጥ የፈነዳው በ1981 ነው። በእስር ላይ የነበሩ የአይ.አር.ኤ. እና የአንድ ሌላ ታጣቂ ቡድን አባላት እንደ ፖለቲካ እስረኛ እንዲቆጠሩ የረሃብ አድማ አደረጉ። አሥር ሰዎችም ሞቱ። የመጀመሪያው ቦቢ ሳንድስ በአድማ ላይ ሳለ ሚያዝያ 1981 ለብሪታንያ ፓርላማ ተመረጠ፤ ከ66 ቀናት ረሃብ በኋላ ግንቦት 5 ቀን በ27 ዓመቱ አረፈ። በዚያ ወራት ወጣቶች ባገኙት ግድግዳ ሁሉ ላይ ሣሉ። በፎልስ ጎዳና የሺን ፌን ፓርቲ ቢሮ የጎን ግድግዳ ላይ ያለው የሳንድስ ምስል ዛሬ በመላው አየርላንድ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ከሚነሱት ሥዕሎች አንዱ ነው።

ግድግዳው ምን ይላል?

የሁለቱን ወገን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚገርመው መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም ጭምብል ያጠለቁ ታጣቂዎችን፣ የሟቾችን ፊትና ስም፣ እንዲሁም የሩቅ ዘመን ጀግና ይሥላሉ። ልዩነቱ ያለው ታሪኩን ከየት እንደሚጀምሩ ነው።

ሎያሊስቶች ከ1690 ይነሱና ሐምሌ 1 ቀን 1916 ወደ ተጀመረው የሶም ጦርነት ይሻገራሉ። በዚያ ውጊያ 36ኛው የአልስተር ክፍለ ጦር በሁለት ቀናት ውስጥ ከአምስት ሺህ በላይ ሙትና ቁስለኛ ሆኖበታል። ከዚህ ክፍለ ጦር ወታደሮች ብዙዎቹ ቀደም ሲል «የአልስተር በጎ ፈቃደኞች ጦር» (ዩ.ቪ.ኤፍ.) አባላት ነበሩ። በ1966 የተቋቋመውና በኋላ ብዙ ሰላማዊ ካቶሊኮችን የገደለው ታጣቂ ቡድን ይህንኑ ስም ወሰደ። በግድግዳው ላይ የ1916ቱ ወታደርና የ1970ዎቹ ታጣቂ ጎን ለጎን ሲሣሉ መልእክቱ ግልጽ ነው፤ «ያ አባት ነው፤ ይህ ልጅ ነው» ማለት ነው። የታሪክ ምሁር ይህን ዝምድና ቢክድም ግድግዳው መልስ አይሰጠውም።

ሪፐብሊካኖቹም በዚያው ዓመት፣ በ1916፣ በደብሊን ከተነሳው የፋሲካ አመፅ የዘር ሐረግ ይመዝዛሉ። የራሳቸውን ታጣቂዎች የዚያ አመፅ ወራሾች አድርገው ያቀርባሉ።

ከሁሉም የሚደንቀው የኩኹሊን ጉዳይ ነው። ኩኹሊን አልስተርን ብቻውን የተከላከለ የጥንት አፈ ታሪክ ጀግና ነው። ከድንጋይ ጋር ታስሮ እንደቆመ ሲሞት የሚያሳየው የነሐስ ሐውልት ከ1935 ጀምሮ በደብሊን ዋናው ፖስታ ቤት የ1916ቱ አመፀኞች መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። ያው ሐውልት ተገልብጦ በምሥራቅ ቤልፋስት በኒውታውናርድስ ጎዳና የሎያሊስት ታጣቂዎች ግድግዳ ላይ ተሣለ። እዚያ ጀግናው አልስተርን «ከአየርላንዳውያን ጥቃት» የጠበቀ የጥንት ዘብ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ አቋቋም፣ ሁለት ተቃራኒ ባለቤት።

በምዕራብ ቤልፋስት «ዓለም አቀፍ ግድግዳ» የሚባለው ረጅም አጥር ደግሞ የሪፐብሊካኖችን ውጫዊ ወዳጅነት ይናገራል። ማንዴላ፣ ፍልስጥኤም፣ ኩባ፣ በ1845 ቤልፋስትን የጎበኘው ጥቁር አሜሪካዊ የባርነት ተቃዋሚ ፍሬድሪክ ዳግላስ ተሥለውበታል። በ2024 አጥሩ ሰፋ ባለ መጠን በፍልስጥኤም ሥዕሎች ተሸፍኗል። በአንዳንድ የሎያሊስት ሰፈሮች የእስራኤል ባንዲራ የሚውለበለበው ለዚህ ምላሽ ነው። የሩቅ አገር ጦርነት የቅርቡን ጎረቤት መናገሪያ ይሆናል።

ማን ይፈቅዳል፣ ማን ያነሳል?

ብዙዎቹ ሥዕሎች ያሉት በ1971 የተቋቋመው የመንግሥት ቤቶች ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ ነው። በሕግ ረገድ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሣል አይቻልም። በተግባር ግን ፈቃድ ጠያቂም ሰጪም የለም። ለማንሳት ሲፈለግ ደግሞ ቀለም ቀቢው ሠራተኛ ማስፈራሪያ ይደርሰዋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ከሰፈሩ «ተሰሚዎች» ጋር ይነጋገራል። ተሰሚዎቹ እነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ስማቸውን ግን ማንም ጮክ ብሎ አይጠራም።

ነዋሪው ራሱስ ምን ይላል? እንደታዘብኩት መልሱ አንድ አይደለም። የወንድሙ ፊት እዚያ የተሣለ ሰው ግድግዳውን እንደ መቃብር ያየዋል። ልጆቹን ጭምብል ባጠለቀ ታጣቂ ሥር አሳልፎ ትምህርት ቤት የሚልክ ሌላ ሰው ደግሞ ሥዕሉን ቢጠላም ዝም ይላል። ከውጭ ለሚመጣ ተመልካች ይህ ዝምታ ስምምነት ይመስለዋል። በሰሜን ቤልፋስት ማውንት ቨርነን ሰፈር ለብዙ ዓመታት የቆየው የዩ.ቪ.ኤፍ. ሥዕል ለሰላም ተዘጋጅተናል፣ ለጦርነትም ዝግጁ ነን የሚል ነበር። ሥዕሉ ያስፈራራ የነበረው ማዶ ያለውን ካቶሊክ ብቻ አይደለም። የራሱን ሰፈር ሰው ጭምር ነው።

በሁለቱ ወገን ሰፈሮች መካከል «የሰላም ግድግዳ» የሚባሉ አጥሮች ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ በ1969 ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ናቸው። በፎልስና በሻንክል መካከል ያለው ግድግዳ ከበርሊኑ ግንብ የበለጠ ዕድሜ አስቆጥሯል። አንዳንዶቹ በሮች እስከ ዛሬ ሌሊት ይዘጋሉ። በ2013 የአካባቢው መንግሥት ሁሉም አጥሮች በ2023 እንዲነሱ ግብ አስቀምጦ ነበር። ዓመቱ መጥቶ አልፏል፤ አጥሮቹ ግን አሉ።

መታሰቢያ፤ ሟች ማን ነው?

ከሥዕሎቹ ጎን ትንንሽ የመታሰቢያ አትክልት ቦታዎች፣ የእብነ በረድ ጽላቶችና ሐውልቶች አሉ። በክሎናርድ፣ በነሐሴ 1969 በተቃጠለው በቦምቤይ ጎዳና፣ የሪፐብሊካኖቹ የመታሰቢያ ቦታ አለ። ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ በሻንክል ጎዳና፣ ነሐሴ 1975 የአይ.አር.ኤ. ጥቃት አምስት ሰዎች የገደለበት የባያርዶ መጠጥ ቤት በነበረበት ቦታ ሌላ መታሰቢያ ቆሟል። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው፤ ሁለቱም አበባ አይጎድላቸውም። የአንደኛው ቦታ ሐዘንተኛ ሌላኛው ቦታ ሲያለቅስ ግን አይታይም።

ችግሩ የሚከርረው ሟች ገዳይም ሲሆን ነው። ጥቅምት 1993 በሻንክል ጎዳና በዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የፈነዳ የአይ.አር.ኤ. ቦምብ ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ። ቦምቡን ይዘው ከገቡት ሁለት ሰዎች አንዱም አብሮ ሞተ። በ2013፣ በሃያኛው ዓመት፣ በሰፈሩ በአርዶይን ለዚህ ሰው የመታሰቢያ ጽላት ተገለጠለት። ለአርዶይን ሰው የሰፈሩ ልጅ ነው። ለሟቾቹ ቤተሰቦች ጽላቱ ሁለተኛ ቦምብ ነበር።

ሕጉም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። በ2006 የወጣው የተጎጂዎች ድንጋጌ «ተጎጂ» የሚለውን ቃል በሰፊው ስለተረጎመው የቆሰለ ታጣቂም በትርጉሙ ውስጥ ይገባል። በጥር 2009 መንግሥት ያቋቋመው አማካሪ ቡድን ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ፣ ያለ ልዩነት፣ 12,000 ፓውንድ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። የእናት እንባ አንድ ነው የሚል ነበር መከራከሪያው። ተቃውሞው እጅግ ስለበረታ ሐሳቡ ወዲያው ተጣለ። ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት ነበረው። የእናት እንባ አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ የገዳይና የተገዳይ ስም እኩል መጻፉም ፍትሕን የሚያደበዝዝ ነገር አለው።

ኤኒስኪለን የሚባለው ከተማ ሌላ ምሳሌ ነው። ኅዳር 8 ቀን 1987 ሰዎች የዓለም ጦርነት ሟቾችን ለማሰብ በተሰበሰቡበት ሐውልት አጠገብ የአይ.አር.ኤ. ቦምብ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ። ራሱን ሳያውቅ የቆየ አንድ ቁስለኛ ደግሞ ከ13 ዓመት በኋላ አረፈ። በ1991 በሐውልቱ ላይ 11 የነሐስ ርግቦች ተጨመሩ። ለሟቾቹ ብቻ የተሠራው ሌላ መታሰቢያ በ2017፣ በሠላሳኛው ዓመት፣ ተገለጠ። ነገር ግን የመሬቱ ባለቤት ገና ስላልፈቀደ በዚያው ዕለት ተነስቶ ሄደ። ድንጋዩ ቋሚ ቦታ ያገኘው ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ነው።

ነሐሴ 15 ቀን 1998፣ ስምምነቱ ከተፈረመ ከአራት ወራት በኋላ፣ በኦማ ከተማ የፈነዳው ቦምብ 29 ሰዎችንና በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ መንታ ጽንሶችን ገደለ። በአሥረኛው ዓመት የተመረቀው መታሰቢያ በአትክልት ቦታ የተተከሉ 31 ትንንሽ መስተዋቶች አሉት። የፀሐይ ብርሃን በመስተዋት እየተመለሰ ቦምቡ በፈነዳበት ቦታ ላይ ባለ የመስታወት ዓምድ ውስጥ የተቀረጸ ልብ ላይ ያርፋል። ባንዲራ የለውም፤ ጠብመንጃም የለውም። ይህም ሆኖ ገዳዩ ማን እንደሆነ በጽሑፉ ላይ ይገለጽ ወይስ አይገለጽ የሚለው ጉዳይ ቤተሰቦችንና የከተማውን ምክር ቤት ብርቱ ክርክር ውስጥ ከትቶ ነበር።

ቀለም በቀለም ላይ

ሐምሌ 2006 የሰሜን አየርላንድ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት በ3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ሰፈሮች አስፈሪ ሥዕሎችን በሌላ እንዲተኩ የሚረዳ ፕሮግራም ጀመረ። ጠብመንጃ ወርዶ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ ደራሲ፣ የመርከብ ሠሪዎች ሕይወት ተሣለ። ብዙ ግድግዳ ተለወጠ። ሆኖም በ2011 በኒውታውናርድስ ጎዳና ጭምብል ያጠለቁ ታጣቂዎች አዲስ ተሣሉ። በ2013 ደግሞ የዝነኛው ተጫዋች የጆርጅ ቤስት ምስል የነበረበት ግድግዳ ላይ ታጣቂ መጣ። ገንዘብ ቀለም መግዛት ይችላል፤ ግድግዳውን የያዘውን ኃይል ግን ሁልጊዜ አይገዛም። በ2016 ለባንዲራ፣ ለማንነትና ለባህል ጉዳይ የተቋቋመው ኮሚሽን ሪፖርቱ በታኅሣሥ 2021 ሲወጣ ፓርቲዎቹ በአፈጻጸሙ አልተስማሙም ነበር።

ቱሪዝሙም የራሱን ነገር አምጥቷል። በግጭቱ ዘመን አውቶቡሶች ሲቃጠሉ ሕዝቡን በጋራ ያመላልሱ የነበሩት ጥቁር ታክሲዎች፣ እንደ ድሮው የእኛ «ውይይት» ተሳፋሪ ፊት ለፊት የሚያስቀምጡት፣ ዛሬ ጎብኚ ይዘው ከሥዕል ወደ ሥዕል ይዞራሉ። የቀድሞ እስረኞች የሚመሯቸው ጉብኝቶችም አሉ። የአንዱ ወገን አስጎብኚ በአጥሩ በር ላይ ለሌላው ወገን አስረክቦ ይመለሳል። መልካም እንጀራ ነው። ነገር ግን ጎብኚ የሚያየው ሥዕል ለነዋሪው ማስጠንቀቂያ መሆኑን መርሳት ቀላል ነው።

የተሻሉት ምሳሌዎች

እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ሥዕል በቦግሳይድ ያለው ነው። ሁለቱ ወንድማማች የሆኑ ሦስት የሰፈሩ ሠዓሊዎች ከ1994 ጀምሮ በሮስቪል ጎዳና 12 ሥዕሎች ሥለዋል። ከእነዚህ አንዱ በ1971 በጥይት የተገደለች የ14 ዓመት ተማሪን በአረንጓዴ ዩኒፎርሟ ያሳያል። በ1999 ሲሣል ከአጠገቧ ያለው ጠብመንጃ ሙሉ ነበር፤ ቢራቢሮዋም ቀለም አልነበራትም። ሠዓሊዎቹ በሰላሙ ገና አልተማመኑም ነበር። በ2006 ተመልሰው ጠብመንጃውን ሰባብረው ሣሉት፤ ቢራቢሮዋንም ቀለም ቀቧት። ሥዕሉ የሚጠይቀው የልጅቱን ሃይማኖት አይደለም። የሚጠይቀው ለምን ሞተች ብሎ ነው።

በ2007 ደግሞ የቀድሞ የአይ.አር.ኤ. እስረኛ የነበረው ዳኒ ዴቬኒና የታወቁት የሎያሊስት ፖለቲከኛ የዴቪድ ኧርቪን ልጅ ማርክ ኧርቪን የፒካሶን «ጌርኒካ» በቤልፋስት ግድግዳ ላይ አብረው ሣሉ። ሚያዝያ 2019 ጋዜጠኛ ላይራ መኪ በደሪ በሪፐብሊካን ታጣቂ ጥይት በ29 ዓመቷ ስትገደል፣ ጓደኞቿ ለታጣቂዎቹ ቅርብ ነው ወደሚባለው ፓርቲ ቢሮ ሄደው ግድግዳውን በቀይ ቀለም በተነከረ መዳፋቸው አተሙበት። በሕይወት ዘመኔ ካየኋቸው የተቃውሞ ፎቶግራፎች መካከል እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ አላየሁም። የሰፈሩ ግድግዳ የታጣቂው ብቻ አለመሆኑን በአንድ ከሰዓት በኋላ አሳዩ።

ከቀለምና ከድንጋይ ውጭ ያለ መታሰቢያም አለ። በ1999 የታተመው «ሎስት ላይቭስ» የተባለ ወፍራም መጽሐፍ የግጭቱን ሟቾች አንድ በአንድ፣ በሞቱበት ቅደም ተከተል፣ ይዘረዝራል። ወታደር፣ ታጣቂ፣ ፖሊስ፣ እናት፣ ሕፃን፣ ሁሉም ተራ ቁጥር አላቸው። እንዴት እንደሞቱና ማን እንደገደላቸውም ተጽፏል። የ2009ኙ የገንዘብ ሐሳብ ያልቻለውን ይህ መጽሐፍ የቻለው ሁለቱን ነገር ሳይነጥል ስለያዘ ይመስለኛል፤ ማንንም ሟች አላስቀረም፣ የማንንም ድርጊት አልደበቀም።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ በየትኛውም አገር ያለ መታሰቢያ ፊት ስቆም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የማዶው ሰፈር እናት እዚህ መጥታ ሳትሸማቀቅ መቆም ትችላለች? የሚነበበው የሟች ስም ነው ወይስ የገዳይ ዓርማ? የቆመበት ሰፈር ሰው «ይነሳልን» ቢል ሳይፈራ ማለት ይችላል? በሰሜን አየርላንድ ሦስቱንም የሚያሟላ ጥቂት ነው። ግን አለ። የቢራቢሮዋ ሥዕል ቀለሟን ለማግኘት ሰባት ዓመት ጠብቃለች፤ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የሚቀረው ሥራ በዚህ ዓይነት ጊዜ የሚለካ ነው።